ስም የተጻፈበት ትምህርት ቤት

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ አሁን ጊዜ የሌለው አስቀምጦ ማታ ያንብበው። ከአንድ ዓመት በላይ ስጀምረውና ስተወው የቆየሁት ነው። መጨረሻው ላይ በተለይ ለአንድ ተማሪዬ የምለው ነገር ስላለኝ እስከዚያ ታገሱኝ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለአጭር የመምህራን ስልጠና ወደ ካምቦዲያ ዋና ከተማ ወደ ፕኖም ፔን ሄጄ ነበር። ያኔ የለጠፍኳቸውን ፎቶዎች ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ወንዙ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ የሳቅኩበት። "ቲቸር ዓለሙን እየቀጨ ነው" ብላችሁ ኮሜንት የጻፋችሁም ነበራችሁ። በመጨረሻው ቀን ለከተማ ጉብኝት ግማሽ ቀን ተሰጠን፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። አራት ቦታ አየን። የሦስቱን ፎቶ ለጥፌዋለሁ። አራተኛው ቦታ ላይ ስልኬን ከኪሴ አላወጣሁም።

አስጎብኚያችን ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ቀጠን ያለች፣ ቀልድ የምትወድ ሴትዮ ነበረች። ሦስት ባጃጅ አሰልፋ ጠበቀችን። አዎ፣ ባጃጅ! እኛ አገር የምናውቀው ያው የህንዱ ባጃጅ ፕኖም ፔንንም ሞልቷታል። ከሐዋሳ የመጣው ባልደረባዬ "እኔ ከሰፈሬ አልወጣሁም እንዴ?" ብሎ አሳቀን።

መጀመሪያ የወሰደችን ከተማዋ ስሟን ወዳገኘችበት ጉብታ ነው። "ፕኖም" በክመር ቋንቋ ኮረብታ ማለት ነው፤ "ፔን" ደግሞ የሴት ስም ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ1372 ፔን የምትባል ባለጸጋ ሴት፣ ወንዙ ባመጣው ግንድ ውስጥ አራት የቡድሃ ምስሎች አገኘች። ጎረቤቶቿን አስተባብራ አፈር አስከመረችና ከላዩ ላይ መቅደስ ሠራችላቸው። ጉብታው 27 ሜትር ገደማ ነው። ተራራ ለለመድነው ለእኛ ዳገት አይባልም፤ ሜዳ ላይ ለተዘረጋችው ፕኖም ፔን ግን ትልቅ ነገር ነው። ከመቅደሱ አጠገብ አንድ ትልቅ የመቃብር ሐውልት አለ። የንጉሥ ፖንሂያ ያት አመድ ያረፈበት ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ዋና ከተማውን ከአንግኮር አንስቶ ወደዚህ ያዛወረው እሱ ነው። ይህን የንጉሥ ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወደ ወንዙ ዳር ወረድን። እዚህ ጋ ጂኦግራፊ የምታስተምሩ ወዳጆቼ ብታዩት ደስ የሚላችሁ ነገር አለ። ሜኮንግ፣ ቶንሌ ሳፕና ባሳክ የሚባሉት ወንዞች ከተማዋ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ቶንሌ ሳፕ የሚነሳው ከትልቅ ሐይቅ ነው። በበጋ ከሐይቁ ወደ ሜኮንግ ይፈስሳል። በዝናብ ወቅት ግን ሜኮንግ እጅግ ስለሚሞላ ውኃውን መልሶ ይገፋዋል፤ ቶንሌ ሳፕም ወደ ኋላ፣ ወደ መጣበት ሐይቅ ይፈስሳል። ሐይቁ በብዙ እጥፍ ይሰፋል፣ ዓሣው ይራባል፣ አገሩ ይመገባል። ኅዳር አካባቢ ውኃው ፊቱን ሲመልስ የጀልባ ውድድር እያደረጉ በዓል ያከብራሉ። እኛ በሄድንበት ወቅት ወንዙ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። አስጎብኚያችን "እኛ ወደ ኋላ መሄድ እንችልበታለን" ብላ ሳቀች። እኛም ሳቅን። ምን ለማለት እንደፈለገች የገባኝ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ቤተ መንግሥቱና የነጻነት ሐውልቱ ነው። ካምቦዲያ እ.ኤ.አ. በ1863 በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ገባች፤ ፕኖም ፔንም ከ1866 ጀምሮ እንደገና ዋና ከተማ ሆነች። ነጻነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1953 ነው። ሐውልቱን የነደፈው ቫን ሞሊቫን የሚባል የራሳቸው አርክቴክት ሲሆን፣ ቅርጹን የወሰደው ከጥንቱ የአንግኮር ሕንጻዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ ይህች ከተማ በአካባቢው የምትደነቅ ነበረች። ንጉሥነቱን ለአባቱ ትቶ ፖለቲካ ውስጥ የገባው ኖሮዶም ሲሃኑክ ትምህርት ቤት ማስከፈት ይወድ ነበር። በዚያ ዘመን ከተከፈቱት አንዱ፣ በዚያ ባልኳችሁ በጥንቱ ንጉሥ ስም የተሰየመ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ቻዎ ፖንሂያ ያት። አራተኛው መዳረሻችን እዚያ ነበር።

ግን እዚያ ከመድረሳችን በፊት በመካከሉ የሆነውን ልንገራችሁ። አስጎብኚያችንም ባጃጆቹን ጥላ ሥር አስቁማ ነው የነገረችን።

እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሃኑክ በመፈንቅለ መንግሥት ወረደ። የቬትናም ጦርነት ድንበር ተሻግሮ ገባ። የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች እስከ 1973 ድረስ ገጠሩን ደበደቡት። ገበሬው መንደሩን ጥሎ ወደ ፕኖም ፔን ጎረፈ። ከተማዋ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ታጨቀባት። ጫካ ያሉት ኮሙኒስቶች፣ ክመር ሩዥ የሚባሉት፣ በዚህ ቁስል ላይ አደጉ። ሚያዝያ 9 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1975)፣ የአገሬው አዲስ ዓመት በተከበረ ሰሞን፣ ጥቁር የለበሱ ታጣቂ ወጣቶች ከተማዋ ገቡ። ሕዝቡ "እፎይ፣ ጦርነቱ አለቀ" ብሎ ወጥቶ ተቀበላቸው።

በዚያው ቀን ግን ሁሉም ሰው ከተማዋን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። "አሜሪካኖች ሊደበድቡን ነው፤ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው" ተባለ። የሆስፒታል ሕመምተኞች ሳይቀሩ ከነአልጋቸው እየተገፉ ወጡ። በአገሪቱ ትልቁ ሙቀት የሚያዝያ ነው። ሕፃን ያዘለ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሽማግሌ፣ ሁሉም በእግሩ ወደ ገጠር ተነዳ። ከተማዋ ለሦስት ዓመት ከስምንት ወር ባዶዋን ቀረች ማለት ይቻላል። ገንዘብ ተሰረዘ፤ ብሔራዊ ባንኩ በፈንጂ ጋየ። ገበያ፣ ሃይማኖት፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከከተማ የወጣው "አዲሱ ሕዝብ" ተብሎ ሩዝ ማሳ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተሰማራ። አስጎብኚያችን የተወለደችው እዚያ ማሳ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977። ወሩንና ቀኑን የሚያውቅ የለም። "እናቴ ዝናብ ነበር ትላለች፤ በቃ፣ ልደቴ ዝናብ ነው" አለችን። በረሀብ፣ በበሽታ፣ በሥራ ብዛትና በግድያ ያለቀው ሕዝብ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን ይገመታል። የአገሪቱ ሕዝብ ያኔ 8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። እስቲ አስሉት።

እኔ ይህን ስሰማ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እየመለስኩ ነበር፤ የሙያ ልማድ ነው። 1967 ዓ.ም.! ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ከዙፋን የወረዱበት ዓመት። ተማሪዎቻችንና መምህራኖቻችን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የተላኩበት ዓመት። የእኛዎቹ ፊደል ለማስቆጠር ነው የወጡት፤ የእነሱዎቹ ፊደል የሚባል ነገር እንዲረሳ። ያም ሆኖ የሁለቱ አገር ወጣቶች በአንድ ዓመት ውስጥ "ሁሉም ነገር አዲስ ይሆናል" ብለው ነበር።

ከባጃጅ ስንወርድ፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ማንም ሳይነግረኝ ትምህርት ቤት መሆኑን አወቅሁት። ፎቅ ናቸው፤ ባለ ሦስት ደርብ፣ ፊት ለፊት ረጅም በረንዳ ያላቸው፣ ግቢውን ከብበው የቆሙ። መሐል ሜዳ፣ ዛፍ፣ ለስፖርት የተተከለ ከፍ ያለ የእንጨት ምሰሶ። እኛም ቤት እኮ እንዲሁ ነው። ደወል የሚደወል መሰለኝ።

ቱል ስሌንግ ይባላል ዛሬ። ክመር ሩዥ "ኤስ-21" ይሉት ነበር። ከ1976 ጀምሮ የአገዛዙ ዋና የምርመራ እስር ቤት ሆነ። ለስፖርት የተተከለው ምሰሶ እስረኛ የሚንጠለጠልበት ሆነ። መማሪያ ክፍሎቹ በጡብና በጣውላ ተሸንሽነው አንድ ሰው እግሩን የማይዘረጋባቸው ጠባብ ሳጥኖች ሆኑ። ከክፍል ወደ ክፍል ለማለፍ ግድግዳው ተነድሏል። የአንዱ ፎቅ በረንዳ ከላይ እስከ ታች በእሾህ ሽቦ ተሸፍኗል፤ እስረኞቹ ራሳቸውን ወርውረው እንዳይሞቱ። መሞት እንኳን በፈቃድ ነበር።

ከ12,000 የማያንስ ሰው በዚያ በር ገብቷል። ከፍ የሚያደርጉትም አሉ። አገዛዙ ሲወድቅ ከዚያ በሕይወት የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ ቫን ናት የሚባል ሠዓሊ ነው፤ የመሪውን የፖል ፖትን ሥዕል እንዲሥል ስለተፈለገ ተረፈ። ሌላው ቹም ሜይ መካኒክ ነው፤ የተበላሸ የጽሕፈት መኪና መጠገን ስለቻለ ተረፈ። የጽሕፈት መኪናው የእስረኞች ቃል የሚተየብበት ነበር።

የቬትናም ጦር ፕኖም ፔን የገባው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1979 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን 1971፤ የገና ዕለት። እስር ቤቱ ሲገኝ አሳሪዎቹ ሸሽተው ነበር። በአንደኛው ፎቅ ክፍሎች ውስጥ በብረት አልጋ ላይ የታሰሩ፣ ሲሸሹ የገደሏቸው ሰዎች አስከሬን ተገኘ። 14 መቃብሮች ግቢው ውስጥ አሉ። አልጋዎቹም እዚያው ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ። ወለሉ እንደ ዳማ ገበታ ሁለት ቀለም ያለው፣ የትምህርት ቤት ወለል ነው።

ከዚያ ፎቶዎቹ ወዳሉበት ገባን። የገባ ሁሉ ፎቶ ይነሳ ነበር። በብዙዎቹ ደረት ላይ ቁጥር ተለጥፏል። ሽማግሌ አለ፣ ሕፃን ያቀፈች እናት አለች፣ የእናንተን ዕድሜ ልጆች የሚያህሉ በጣም ብዙ አሉ። መቶዎች ቀጥ ብለው ያዩሃል።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ያያችሁ፣ እዚያም ግድግዳ ሙሉ ፎቶ እንዳለ ታውቃላችሁ። ግን አንድ ልዩነት አለ፤ እዚያ ቆሜ ነው የታየኝ። የእኛ ሙዚየም ፎቶዎች ቤተሰብ ያመጣቸው ናቸው። ፎቶ ቤት የተነሱ፣ ፀጉራቸውን አፍሮ ያበጠሩ፣ ለምረቃ የለበሱ። እናት ከሣጥን አውጥታ የሰጠቻቸው ናቸው። የቱል ስሌንግን ፎቶዎች ያነሱት ገዳዮቹ ናቸው። እነዚያን ሰዎች በመጨረሻ ያያቸው ዓይን የሚወዳቸው ሰው ዓይን አልነበረም።

በአንዱ ክፍል ውስጥ አስጎብኚያችን ቆመችና ጠየቀችን፦ "ከእናንተ ውስጥ የሒሳብ መምህር አለ?"

ሁለት ሰዎች እጅ አወጡ።

"የዚህ ቦታ አለቃ የሒሳብ መምህር ነበር" አለች።

ካይንግ ጉዌክ ኢያቭ ይባላል፤ የትግል ስሙ ዱች ነው። ከድሃ ቤተሰብ የወጣ ጎበዝ ተማሪ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምሯል። ከዋነኞቹ መርማሪዎቹ አንዱ ማም ናይም የቀድሞ መምህር ነው። ከበላይ ሆኖ የጸጥታውን ሥራ የሚመራው ሶን ሴን የመምህራን ማሠልጠኛ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው።

"የታሪክ መምህርስ?" አለች።

እኔ እጄን አወጣሁ።

"ፖል ፖት" አለችኝ። አልቀለደችም፤ ግን በክፋትም አልነበረም። ትክክለኛ ስሙ ሳሎት ሳር ነው። በመንግሥት ወጪ ፓሪስ ሄዶ ሲማር ፈተና ወድቆ ተመለሰና በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታሪክና የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ አስተማረ። የድሮ ተማሪዎቹ ድምፁ ለስላሳ፣ ትሑትና ተወዳጅ መምህር እንደነበር መስክረዋል።

የዱች ነገር ግን ከሁሉም በላይ አብሮኝ ቀረ። ኤስ-21 ውስጥ እስረኛው "ሲአይኤ ነኝ፣ ኬጂቢ ነኝ፣ የቬትናም ሰላይ ነኝ" እስኪል ይደበደብና የሕይወት ታሪኩን ይጽፍ ነበር። ገጽ በገጽ። ዱች እያንዳንዱን ያነባል። በቀይ ቀለም ዳር ዳሩን ያርማል። ይሄ አልተሟላም፣ እዚህ ጋ ዋሽቷል፣ እንደገና ጠይቁት። በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ተገኝተዋል። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ የጎበዝ መምህር የእጅ ጽሑፍ። እኔ በዓመት ስንት መቶ ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ እንደማርም እናንተ ታውቃላችሁ።

ለዓመታት ክፍል ውስጥ "ትምህርት ሰው ያደርጋል" እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ። አሁን እንዲህ በደፈናው አልለውም። ማንበብና መቁጠር ሰው አያደርግም። የኤስ-21 መዝገብ ቤት ሥርዓት የሰፈነበት፣ ቀን የተጻፈበት፣ ፊርማ ያለበት ነው። ሰውዬው ሥራውን አክብሮ ሠርቷል። ችግሩ እሱ ነው።

ዱች አገዛዙ ከወደቀ በኋላ ስሙን ቀይሮ ኖረ፤ በገጠር እንደገና መምህር ሆነም። እ.ኤ.አ. በ1999 ተገኘ። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ በፕኖም ፔን በተቋቋመው ፍርድ ቤት ቀረበ። ይቅርታ ጠየቀ፣ አለቀሰ፤ በችሎቱ መዝጊያ ግን "ልቀቁኝ" አለ። በ2010 የተፈረደበት እስር በይግባኝ በ2012 ዕድሜ ልክ ሆነ፤ በ2020 ሞተ። ፖል ፖት ከዚህ ፍርድ ቤት ፊት ሳይቆም በ1998 ጫካ ውስጥ ሞቷል። ያ ፍርድ ቤት በጠቅላላው የፈረደባቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። በዚህ በኩል እኛ ቀድመናል፤ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር። ዋናው ግን ያኔም ዛሬም ዚምባብዌ ነው።

ስወጣ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። "ያን ሁሉ ሰው ማን አመለከተው?"

"እርስ በርሱ" አለች። ያ ወረቀት መጨረሻው ላይ የስም ዝርዝር አለበት። እስረኛው ሲደበደብ አብረውት ያሴሩ ሰዎችን ስም ይጠራል። ጓደኛ፣ አለቃ፣ የሰፈር ልጅ፣ አፉ ላይ የመጣውን። እነዚያ ይታሰራሉ። እነሱም ይጽፋሉ። አብዛኛው እስረኛ የራሱ የክመር ሩዥ ሰው ነበር፤ ካድሬውና ወታደሩ፣ ከነሚስቱና ከነልጁ። "አብዮት ልጇን ትበላለች" የሚለውን እኛ በተረት ነው የምናውቀው፤ እዚያ ግን እንደ ደረሰኝ በወረቀት ተሰድሮ ተቀምጧል።

እኔ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አፍሮ ፀጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ፈገግ ያለ። በ1970 ዓ.ም. 11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ማታ መጥተው ወሰዱት፤ አስከሬኑም አልተሰጠም። አያቴ እስክትሞት ድረስ በር ሲንኳኳ ቀድማ ትነሳ ነበር። ማን ነው ስሙን የሰጠው ሲባል፣ "የክፍሉ ልጅ" ይባላል። በእናቴ ቤት ይህ ዓረፍተ ነገር ከዚያ አያልፍም። ልጅ ሆኜ ያንን ልጅ እጠላው ነበር። ቱል ስሌንግ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሱ አሰብኩ። ምን አድርገውት ይሆን ስም የጠራው? ስንት ዓመቱ ነበር? አሥራ ሰባት?

ያን ጊዜ ነው የገዛ ክፍሌ ትዝ ያለኝ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ታውቁታላችሁ። እኔ ስብሰባ ስሄድ ወይ ስዘገይ ለክፍል አለቃው "ረባሽ ጻፍ" ብዬ እወጣለሁ። አለቃው ፊት ቆሞ ወረቀት ይዞ ይጽፋል። ስሙ ሁለቴ የተነሳ አጠገቡ ምልክት ይደረግበታል። እመጣለሁ፣ ወረቀቱን እቀበላለሁ፣ አነባለሁ። ምንም አልጠይቅም። የተጠራ ይወጣል፣ ይንበረከካል፣ ወይ ወላጅ ያመጣል። እኔም ተማሪ ሆኜ እንዲሁ ነው ያደግሁት፤ የተማራችሁ ሁላችሁም እንዲሁ። ማን ክፉ ነገር ነው ብሎ ያስባል?

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የረባሽ ዝርዝርና ኤስ-21 አንድ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲህ ብል የሞቱትን መድፈር ነው። የምለው ይሄንን ነው። ወረቀት ላይ የሰፈረ ስም ያለ ጥያቄ ጥፋተኛ እንደሆነ፣ ስም የመጻፍ ሥልጣን ያለው ልጅ እንደሚፈራ፣ የተጻፈበት ልጅ "እኔ አይደለሁም" ቢል ድርብ ቅጣት እንዳለው፣ ይሄን ሁሉ በዘጠነኛ ክፍል አስተምሬ ነበር። የታሪክ ክፍለ ጊዜዬ ሳይሆን ይሄ ነው የተማራችሁት። አንድ ቀን ትልቅ ሰው ወረቀት ይዞ መጥቶ "ጻፍ" ቢል፣ እጃችሁ የለመደውን ነው የሚያደርገው።

አሁን ወዳልኩት ተማሪ ልምጣ። ስሙን አልጽፍም። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ልጅ ዝርዝር ላይ ሦስት ጊዜ ምልክት ተደርጎበት መጣ። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነበር። "ቲቸር፣ እኔ አልረበሽኩም" አለኝ። ክፍሉ ፊት አንበረከክሁትና ወላጅ እንዲያመጣ ነገርኩት። ወላጁ የስንት ሰዓት መንገድ ሩቅ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሁለት ሳምንት ቀረ። ተመልሶ መጣ፤ ግን ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጠና እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አላወጣም። እጁን ያወጣ የነበረ ልጅ ነው። ሰኔ ላይ አለቃው ራሱ መጥቶ "ቲቸር፣ እሱ እኮ ዝም ብሎ ነበር፤ ተጣልተን ነው የጻፍኩት" አለኝ። እኔ ምን አልኩ? "በቃ፣ አልፏል" አልኩት። ልጁን ጠርቼ አላናገርኩትም። መምህር ለተማሪ ይቅርታ አይጠይቅም የሚል ነገር ውስጤ ነበረ።

ካምቦዲያ ውስጥ ይህ ታሪክ ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጽሐፍ በቅጡ አልነበረም። ወጣቶቹ እናትና አባታቸው ሲያወሩ "ማጋነን ነው" ብለው የማያምኑበት ጊዜ ነበር። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀው የዚያ ዘመን ታሪክ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ አገዛዙ ከወደቀ ከ28 ዓመት በኋላ። አስጎብኚያችን ትምህርት ቤቶች በ1979 ሲከፈቱ ብዙ የሚያውቅ ትንሽ የሚያውቀውን፣ ትንሽ የሚያውቅ ምንም የማያውቀውን ያስተምር ነበር ብላ ስትነግረን፣ እኛም "የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር" የምንለው እንዳለ ነገርኳት። በጣም ወደደችው። ማስታወሻዋ ላይ በክመር ፊደል ጻፈችው።

ጽሑፉን እንድጨርስ ያደረገኝ ዜና ነው። ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ ቱል ስሌንግን ከሌሎች ሁለት የካምቦዲያ ቦታዎች ጋር የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። ከላሊበላና ከአክሱም ጋር አንድ መዝገብ ላይ መሆኑ ነው። እኛ እንደ ኩራት የምናስመዘግበውን፣ እነሱ እንዳይረሳ ብለው ቁስላቸውን አስመዘገቡ።

ከዚያ ከተመለስኩ ወዲህ ክፍሌ ውስጥ የረባሽ ወረቀት የለም። ክፍሉ ትንሽ ይረብሻል፤ ይረብሽ። አንድ ልጅ ሲከሰስ ቁጭ ብለን እንሰማለን፤ ከሳሹም ተከሳሹም ይናገራል። ክፍለ ጊዜ ይበላል፤ ይብላ። ቀይ ሽብርንም በአንድ ክፍለ ጊዜ አጠናቅቄ አላልፍም። ተማሪዎቼ ቤታቸው ሄደው አያታቸውን ወይም ጎረቤታቸውን አንድ ጥያቄ ጠይቀው እንዲመጡ አደርጋለሁ። አንዳንዱ "አያቴ አለቀሰች፤ ምንም አልነገረችኝም" ብሎ ይመጣል። እሱም መልስ ነው። ዘንድሮ መኪና ካገኘን መስቀል አደባባይ ልወስዳቸው አስቤያለሁ።

ለአንተ ደግሞ፣ ከመጨረሻው ወንበር ለተቀመጥከው። ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ፤ አንዳንዴ ላይክ ታደርግልኛለህ። አልረበሽክም ነበር። አንተ ትክክል ነበርክ፣ እኔ ተሳስቼ ነበር። የክፍል ጓደኞችህ ፊት ነው ያንበረከክሁህና እነሱ የሚያነቡት ቦታ ላይ ነው ይቅርታ የምጠይቅህ። ስምህን ያልጻፍኩት አንድ ጊዜ ያለአግባብ ስለተጻፈ ነው። ወደዚህ ስትመጣ ደውልልኝ፤ ቡና በኔ ነው።

የቀራችሁት፣ በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን የአፍሮ ፀጉር ፎቶ አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ እዩት። ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁ።